የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሴልቲክስ ወይስ ሌከርስ?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር ሙግታችን አንድ ነው። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ከፊላችን የቦስተን ሴልቲክስ፣ ከፊላችን የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ደጋፊዎች ነን። እነሱ 18 ዋንጫ ይቆጥራሉ፣ እኛ የሌከርሶቹ 17። ለመሆኑ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚበልጠው ማን ነው?
የሌከርስ ደጋፊ፣ ከደሴ

መልስ፦ በጥቅሉ ሴልቲክስ ይበልጣል። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ፍጻሜ 12 ጊዜ ተገናኝተው 9ኙን ሴልቲክስ፣ 3ቱን ሌከርስ ወስዷል። ግን አብሽር፤ በዘመን ከፍለህ ስታየው ሌላ መልክ አለው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1959 እስከ 1969 ሰባት ጊዜ ተጋጥመው ሰባቱንም ሴልቲክስ አሸነፈ። ከ1984 ወዲህ ካሉት አምስት ፍጻሜዎች ግን የ1985፣ የ1987 እና የ2010 ዋንጫዎች የሌከርስ ናቸው፤ ለሴልቲክስ የቀሩት የ1984 እና የ2008 ብቻ ናቸው። የዋንጫው ብልጫም የቅርብ ነው፤ እስከ 2024 ድረስ 17 ለ 17 እኩል ነበሩ። ከእናንተ 17 ውስጥ አምስቱ ክለቡ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ከመዛወሩ በፊት በሚኒያፖሊስ የተገኙ ናቸው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ ሌከርስ የሐይቅ ሰዎች እንደማለት ነው፣ ሚኒያፖሊስ ያለችበት ሚኒሶታም ሐይቅ የሞላበት አገር ነው።

የስድሳዎቹ ምሥጢር የሴልቲክሱ ተጫዋች ቢል ራስል ነው። በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አንስቷል። ብዙ ተከላካይ ብሎክ ሲያደርግ (ወደ ቀለበት የተወረወረች ኳስ ሲያግድ) ኳሷን በኃይል መትቶ ወደ ተመልካች ይልካታል፤ ኳሷም ተመልሳ ለተጋጣሚ ትሰጣለች። ራስል ግን በጣቱ ገፋ አድርጎ ሜዳ ውስጥ ያስቀራታል። የቡድን ጓደኛው ይይዛትና ተጋጣሚ ሳይደራጅ መልሶ ማጥቃት ይጀመራል። ሁለት ነጥብ ማዳን ብቻ ሳይሆን ሁለት ነጥብ መጨመርም ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚልቀው የ1969ኙ ፍጻሜ ነው። ዋንጫው አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ነው፤ የመጨረሻው ሰባተኛ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ላይ ነበር፤ የሌከርስ ባለቤት ለድሉ ብለው በሺህ የሚቆጠሩ ፊኛዎች ጣሪያ ሥር አሰቅለዋል። መጨረሻው ሲቃረብ የሴልቲክሱ ዶን ኔልሰን የወረወራት ኳስ የቀለበቱን የኋላ ጠርዝ መታች፣ ወደ ላይ ነጠረች፣ ተመልሳም እዚያው ቀለበት ውስጥ ገባች። 108 ለ 106 አለቀ። 42 ነጥብ ያስቆጠረው የሌከርሱ ጄሪ ዌስት በዚያው ዓመት የተጀመረውን የፍጻሜ ኮከብነት ሽልማት ወሰደ፤ ከተሸናፊ ቡድን ይህን ያገኘ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።

ብድሩ የተመለሰው በ1985 ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 148 ለ 114 የተደቆሰው ሌከርስ፣ በ38 ዓመቱ ካሪም አብዱል-ጀባር እየተመራ በስድስተኛው ጨዋታ እዚያው ቦስተን ላይ ዋንጫውን አነሳ።

ጥያቄ፦ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ለምን 25 ወይም 30 አልሆነም?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከሂሳብ የመጣ ነው። ቀድሞ የመራ ቡድን ኳሷን እየተቀባበለ ሰዓት ይገድል ነበር፤ ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሌከርስን 19 ለ 18 ያሸነፈው በዚህ መንገድ ነው። የሲራኪዩስ ክለብ ባለቤት ዳኒ ቢያሶን፣ ጥሩ ጨዋታ በሚባለው ላይ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል እንደሚወረውሩ አስተዋሉ። 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24 ይመጣል። ደንቡ በ1954 ሲጀመር የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ወጣ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ የሦስት ነጥብ መስመር ልንቀባ ነው። 7.24 ሜትር የሚልም፣ 6.75 የሚልም አገኘን። የትኛውን እንያዝ?
የስፖርት መምህርት፣ ከወልዲያ

መልስ፦ 7.24 የኤንቢኤ ነው፤ እርስዎ የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን 6.75 ይያዙ። ስህተት የሚበዛው መነሻው ላይ ነው፤ የሚለካው ከምሰሶውም ከሰሌዳውም አይደለም። ከቀለበቱ መሃል ቱንቢ ያውርዱ፤ የሚያርፍበት ነጥብ ከመጨረሻው መስመር የውስጥ ጠርዝ 1.575 ሜትር መራቅ አለበት። እዚያ ላይ ሚስማር ይምቱና በሽቦ 6.75 ሜትር ለክተው ቅስቱን በጠመኔ ያስምሩ። የናይሎን ገመድ አይጠቀሙ፤ ሲጎተት ስለሚረዝም ቅስቱን ያጣምመዋል። 6.75 የመስመሩ የውጭ ጠርዝ ስለሆነ 5 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም ወደ ውስጥ ይቀባል።

ቅስቱን እስከ መጨረሻው መስመር አያውርዱት። ሜዳው 15 ሜትር ስፋት ካለው ጥጉ ላይ የሚተርፈው 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የወርዋሪው እግር ከሜዳ ይወጣል። በምትኩ ከጎን መስመሩ 90 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ቀጥታ መስመር ያስምሩ፤ ከመጨረሻው መስመር 2.99 ሜትር ላይ ከቅስቱ ጋር ይገጥማል። ወለሉ ላይ ሲሚንቶ ገና የሚፈስ ከሆነ ደግሞ የቀለበቱን 3.05 ሜትር ከፍታ ከፈሰሰ በኋላ ይለኩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ቀለበቱን ወደ 3 ሜትር ያወርደዋል።