የካምሻፍቱን ብረት ሳያውቁ የዲስትሪቢዩተር ጥርስ አይግዙ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የምነዳው የድሮ ሸቭሮሌ ፒክአፕ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር አለው። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝን ሮለር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ካስገጠምኩ ወዲህ፣ ከእሱ ጋር የሚነካካው የዲስትሪቢዩተሩ (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ) ጥርስ እንደ ቢላዋ ስሎ አለቀ። ተመሳሳይ አዲስ ጥርስ አስገባሁ፤ እሱም ተበላ። ቶርኖ ቤት በነሐስ እንሥራልዎ አሉኝ። ላሠራ?

መልስ፦ አያሠሩ። ነሐስ መባሉ ብቻ አይበቃም። ለዚህ ሥራ የሚውለው አሉሚኒየም ያለበት ጠንካራ ነሐስ ነው፤ ከቧንቧ ዕቃ ቁርጥራጭ የሚገኘው ቢጫ ብረት ይህን ጭነት አይችልም። ጥርሱም ገደድ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ጥቂት ቢዛነፍ ካምሻፍቱን ይበላል።

የፋብሪካው ጥርስ ከካስት አይረን (ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት) ካምሻፍት ጋር እንዲሄድ የተሠራ ነው። ከወጥ አረብ ብረት በተቀረጸ ካምሻፍት ላይ ሲያርፍ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛውም ያለቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሮለር የተባለ ሁሉ አረብ ብረት አይደለም። ቀልጦ የፈሰሰ አለ፤ ኋላው ላይ የካስት አይረን ጥርስ ተጠቅጥቆ የገባበትም አለ። ካምሻፍቱ ሲወጣ በጉብታዎቹ መካከል ያለውን አካል ይዩ። ሻካራና ያልተላገ ከሆነ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ዙሪያውን በማሽን ከለሰለሰ አረብ ብረት ሳይሆን አይቀርም። ማግኔት ሁለቱንም ስለሚይዝ አይለይልዎትም። ከሁሉ የሚሻለው ጫፉ ላይ የተመታውን ቁጥር ይዞ አምራቹን መጠየቅ ነው።

አረብ ብረት ከሆነ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለዎት። አንደኛው፣ ከላይ ያልኩት ጠንካራ ነሐስ፣ ካምሻፍቱን አይጎዳም፤ ራሱ ግን ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ስለዚህ ዘይት በቀየሩ ቁጥር ዲስትሪቢዩተሩን አውጥቶ ማየት ግድ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራውን የፖሊመር (ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል) ጥርስ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ከማንኛውም ካምሻፍት ጋር ይስማማል። ኋላው የካስት አይረን ጥርስ ያለው ካምሻፍት ከሆነ ግን የፋብሪካው ዓይነት ጥርስ ይበቃዋል፤ ያኔ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

በዚህ ሞተር ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ያው የዲስትሪቢዩተር ዘንግ ነው። ጥርሱ ጨርሶ ከተበላ ዘይት ይቆማል፤ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ፓምፕ ተገጥሞ ከሆነ የተለመደውን ይመልሱ፤ ጭነቱን በሙሉ የሚሸከመው ይህ ትንሽ ጥርስ ነው።

አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የካምሻፍቱን ጥርስ በጣትዎ ይዳስሱ። ሸካራ ከሆነ ወይም ጫፉ ከተቆረሰ ምንም ዓይነት ጥርስ ቢያስገቡ ይበላዋል። የዘይት ቋቱን አስወርደው የብረት ብናኙን ያስጠርጉ፤ ፊልተሩንም ይቀይሩ።

ጥርሱን እንዲልክልዎ ለወንድምዎ ከመጻፍዎ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በካሊፐር ይለኩ። የፋብሪካው 12.47 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ብዙዎቹ በሌላ አምራች የተሠሩት 12.70 ናቸው። የአንዱ ጥርስ ለሌላው አይገባም።