ጌም «ዘመን አይሽሬ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጓደኛዬ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላውን ጌም ጨርሶ «ዘመን አይሽሬ የጥበብ ሥራ» ብሎ ለጠፈ። እኔ ደግሞ «ጌም ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ጥበብ አይባልም፤ ቢባል እንኳ ዘመን ተሻጋሪ ነው የሚባለው» ብዬ ተከራከርኩት። ማናችን ነን ልክ? ሁለቱ አባባሎችስ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ስታችኋል። ከአንተ ልጀምር።

«ጨዋታ ጥበብ አይባልም» የሚለው ክርክር በሌላ ቋንቋ ያስኬድ ይሆናል፣ በአማርኛ ግን አያስኬድም። «ተጫወተ» የሚለውን ግሥ ልብ በል። ልጅ ይጫወታል፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ እሺ። ግን ድምፃዊም ዘፈን ይጫወታል። ክራርም ይጫወቱታል። ተዋናይም መድረክ ላይ አንድን ገጸ ባሕርይ ይጫወታል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ «እየተጫወቱ ነው» እንላለን፣ ወሬው የሚጥም ሰው ደግሞ «ጨዋታ አዋቂ» ይባላል፤ ይሄ ስድብ አይደለም፣ ሙያ ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ከጥበብ ቤት ወጥቶ አያውቅም። (የትኛው ጥበብ ካልክ «ኪነ ጥበብ» በል። «ሥነ ጥበብ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽን ብቻ ነው። ጌም ውስጥ ሥዕልም፣ ሙዚቃም፣ ታሪክም አለ። «ኪን» ደግሞ በግዕዝ ሙያ፣ ብልኀት ማለት ስለሆነ ይመጥነዋል።)

ያንተን ሐሳብ የያዘ ትልቅ ሰው ነበር፣ አትከፋ። አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ጌም መቼም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ ተጫዋቹን ሁሉ አስቆጥቶ ነበር። አንዱ ምክንያቱ ጌም ይሸነፋል የሚል ነው፤ ሕግ አለው፣ ነጥብ አለው፣ አሸናፊ አለው። ጥበብን ግን ማን ያሸንፋል? ጥሩ ክርክር ነው። እኔን ግን «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» አፍርሶብኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጌም ነው። አንድ ወጣት የሞተች ልጅን ለማስነሣት ብሎ 16 ግዙፍ ፍጥረቶችን ይገድላል፣ በቃ፣ በዚያ ሰፊ ባዶ ምድር ሌላ ሥራ የለም። አንዱ ጀርባ ላይ ፀጉሩን ጨብጠህ ትወጣለህ፣ ጣትህን ከቁልፉ ላይ ካነሣህ ትወድቃለህ፣ እሱ ይወራጫል፣ አንተ ትይዛለህ፣ ጉልበትህን የሚያሳየው ክብ እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻ ትወጋዋለህ። አሸነፍክ! የድል ሙዚቃ ስትጠብቅ ግን የሚመጣው የኀዘን ዜማ ነው፣ ያ ተራራ የሚያህል ነገር ቀስ ብሎ ይዘረራል፣ አንተም ምን አድርጎኝ ነው የገደልኩት ትላለህ። ፊልም ላይ ቢሆን ገዳዩን ትታዘበዋለህ፣ እዚህ ግን ጣቱ ያንተ ነው። ማሸነፉ ራሱ የሚያምበት ሥራ ጥበብ ካልተባለ ምን እንደሚባል አላውቅም።

አሁን ወደ ጓደኛህ። «ሻረ» ማለት ከሹመት አወረደ፣ የጸናውን አፈረሰ ማለት ነው፤ ሹም ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል። «ዘመን አይሽሬ» ሲባል ሻሪው ዘመን ነው። ሊሽረው ሞክሮ ያቃተው ነገር ማለት ነው። ታዲያ በሦስት ሳምንት ዘመን መቼ ሞከረና? ገና ያልተሾመ እንዴት ይሻራል? ጓደኛህ «ድንቅ ሥራ» ቢል ማንም አይከራከረውም ነበር።

«ዘመን ተሻጋሪ» ላይ ግን ባለቤቱ ይቀየራል። የሚሻገረው ሥራው ራሱ ነው፤ ወንዙ ዘመን ነው። መሻገር ደግሞ ድልድይ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ይጠቀማል፣ ለመጽሐፍ ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም ያልተሻረ መጽሐፍ ዓይን ካለህ ታነበዋለህ። ጌም ግን እንደዚያ አይደለም። የተሠራለት ማሽን ከገበያ ሲወጣ አብሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በዚያ ጊዜ በሕጋዊ ገበያ አይገኙም ነበር። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ግሩም ነበር? እነዚያን ዘመን አልሻራቸውም፣ መሻገሪያ ነው ያጡት። «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ም የተሻገረው ተሸክመውት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአዲስ ማሽን እንደገና ተሠራ።

ሁለቱንም ስም ያለ ክርክር የምሰጠው ለቴትሪስ ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሠራው። ሰባት ቅርጾች፣ እያንዳንዱ አራት ካሬ፣ ከላይ ይወርዳሉ። ታሪክ የለው፣ ሰው የለው። የእህቴ ልጅ እሱ ከመወለዱ ብዙ ዓመት በፊት የተሠራውን ይህን ነገር ስልኩ ላይ ሲጫወት አየዋለሁ፤ ያቺ ረጅሟ ዱላ እስክትመጣ አንድ ቀዳዳ ክፍት አድርጎ ይጠብቃል፣ ስትመጣ አራቱ መስመር ባንዴ ይጠፋል፣ እሱም እንደኛው «አቤት!» ይላል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ከስብስቡ ካስገባቸው 14 ጌሞች አንዱ ነው።

ሳልረሳው፣ በደብዳቤህ ግርጌ «ዘመን የማይሽር ጌም» ብለህ ጽፈሃል። «ው» ጎድላለች። «ዘመን የማይሽረው» ነው። ያለ «ው» ዘመንን የማይሽር ጌም ሆነ፤ ማን ሻሪ ማን ተሻሪ እንደሆነ ጠፋ። «ዘመን»ን ጥለህ «አይሽሬ ጌም» ብቻም አትበል፣ የማይሽር ቁስል ነው የሚመስለው። ብዙ ከሆኑ ደግሞ «ዘመን አይሽሬ ጌሞች» በቂ ነው፣ «አይሽሬዎች ጌሞች» አያስፈልግም።