«አንድ ወልደሻል፣ ምን ጎደለሽ?» ለሚባሉት የተሰጠ መልስ

በደሴና በዙሪያዋ 19 ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት «አንድ ወልዳችሁ ሁለተኛው እምቢ ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ መጣ። የማንንም ስም አላነሣም፣ የጻፋችሁበትን አገር ብቻ እጠቅሳለሁ። ሳላያችሁ መድኃኒት አላዝም፤ የምርመራውን መንገድ ግን አሳያለሁ።

ከሐርቡ፦ ልጄ አራት ዓመት ሆነው። የሦስት ወር መርፌ ሁለት ዓመት ተወግቼ ካቆምኩ ስምንት ወር አለፈ፤ የወር አበባዬም በወጉ አልተመለሰም። አማቴ «መርፌው ማኅፀንሽን አድርቆታል» ይሉኛል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ መርፌው ማኅፀን አያደርቅም። ከሌሎቹ መከላከያዎች የሚለየው ከሰውነት ቀስ ብሎ መውጣቱ ነው። በክንድ የሚቀበረው ወይም በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ ሲወጣ፣ እንክብሉም ሲቆም፣ ብዙም ሳይቆይ መፀነስ ይቻላል። የመርፌው መድኃኒት ግን ከተወጋበት ሥጋ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ሴቶች የሚፀንሱት ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ሲቆጠር በአማካይ 10 ወር ገደማ ላይ ነው፤ ዓመት ተኩል የሚፈጅባቸውም አሉ። ካርድሽን አውጪና የመጨረሻው መርፌ የተወጋሽበትን ቀን እዪ፤ ከዚያ ቁጠሪ። ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ ለምርመራ ሂጂ። እስከዚያ «የወር አበባ ማምጫ» ብሎ ቅጠል ቀቅሎ የሚሸጥልሽ ሰው ቢመጣ በሩን ዝጊበት።

ከመርሳ፦ ባለቤቴ ሳዑዲ ነው የሚሠራው። በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ይመጣል። ሦስት ዓመት ሞክረን አልሆነም፤ መካን ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ሦስት ዓመት አልሞከራችሁም፣ የሞከራችሁት ሦስት ወር ነው። ሐኪም ምርመራ የሚጀምረው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ቆይተው ሳይሳካ ሲቀር ነው። የሴቲቱ ዕድሜ 35 ከሞላ ስድስት ወር ይበቃል። አንዳንዴ የወሎ ግማሽ ባል ጂዳ ያለ ስለሚመስለኝ፣ ቀን መቁጠሩን ላስረዳ።

እንቁላል የሚወጣው በአብዛኛው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ቀደም ብሎ ነው። የወጣው እንቁላል ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንድ ዘር ግን በሴቲቱ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊኖር ይችላል። የእኛ ወሮች ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ይቀላል። የወር አበባሽ በጥር 3 መጥቶ ቀጣዩ በየካቲት 1 ከመጣ ዙርሽ 28 ቀን ነው ማለት ነው፤ እንቁላሉ በጥር 17 አካባቢ ወጥቷል። ዕድል ያለው ከጥር 12 እስከ 17 ባሉት ስድስት ቀናት ነው። ባልሽ በጥር 18 ደሴ ገብቶ በየካቲት 8 ቢመለስ፣ አብራችሁ ከረማችሁ እንጂ አልሞከራችሁም። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ቆጠራው እንዳይዛባብሽ። ስድስት ወር ያህል መዝግቢና ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት የአሠሪውን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ያንቺንም ቀን ይጠይቅ።

ከኮምቦልቻ፣ ከአንድ ወንድም፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ በጅቡቲ መስመር እሠራለሁ። ሚስቴ ስድስት ዓመት ተመላልሳ ታክማ ለውጥ የለም። አሁን ሐኪሙ እኔን «ተመርመር» አለኝ። የወለድኩት ልጅ ቁጭ ብሎ እኔ ምን እመረመራለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁ የሚመሰክረው በተፀነሰበት ወር ዘርህ ደህና እንደነበረ ነው። የወንድ ዘር ሁልጊዜ አዲስ ይሠራል፤ ከመነሻው እስከ ብስለቱ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ከስድስት ዓመት በፊት የነበረው ዛሬ የለም።

ሥራህም እንድትጠይቅ ያስገድድሃል። ቆለጥ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ሙቀት ስለማይወድ ነው። ሞተር ላይ ሰዓታት ተቀምጦ በሚሌ በረሃ ማለፍ፣ ሲጋራ፣ እንቅልፍ ለማባረር የሚቃም ጫት፣ መንገድ ላይ ተይዞ ሳይታከም የቀረ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ክላሚዲያ ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል «አሞኝ አያውቅም» ማለትህ አይበቃም።

ምርመራው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ትታቀብና በንጹሕ ዕቃ ለላቦራቶሪ ትሰጣለህ። በሰዓቱ መድረስ አለበት። አንድ የኩታበር ሰው ቤቱ ወስዶ፣ በሚኒባስ ተጭኖ፣ ካፖርት ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ሰልፍ ጠብቆ ሁለት ሰዓት ሲያልፈው አስረክቦ «የሚንቀሳቀስ የለም» የሚል ወረቀት ይዞ ወጣ። ሚስቱም እሱም ሁለት ወር አለቀሱ። እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ እንዲሰጥ አድርገን ስናስደግመው ደህና ሆነ። ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፣ አይቀዝቅዝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዘር ብዛት ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፤ ከዚያ ያነሰ ሁሉ ግን አይወልድም ማለት አይደለም። መጥፎ ውጤት ከመጣ ከመደናገጥህ በፊት ይደገም።

ይህን ያህል የምወተውትህ ምክንያት አለኝ። እኔ ራሴ ሴት ልጄን ከወለድኩ በኋላ አራት ዓመት ተመርምሬያለሁ። አልትራሳውንዱ፣ ሆርሞኑ፣ ራጁ፣ ሁሉም በሰማያዊ ፌስታል ውስጥ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሐኪም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና «የባለቤትሽስ?» አለችኝ። በፌስታሉ ውስጥ የእሱ ስም ያለበት አንድ ወረቀት አልነበረም። ሌሎችን ስመክር የምኖር ሰው «ወልደናል እኮ» ብዬ ዘልዬዋለሁ። በአንድ ጎን በኩል የቆለጡ የደም ሥሮች አብጠው ተገኙ፣ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለ፣ ቁጥሩም ተሻሻለ። እኔ ግን ያኔ 41 ሆኜ ነበር፤ ሁለተኛ አልወለድንም።

ከወረኢሉ፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉ እናት፦ የልጄ ሚስት አንድ ወልዳ ዘጋች። ልጄ ሌላ ያግባ ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ አክብሬዎት ነው፤ መጀመሪያ ልጅዎን ያስመርምሩት። ችግሩ ከእሱ ከሆነ ሁለተኛዋም ትዘጋለች፣ እርስዎም ሁለት ምራት ይዘው ያዝናሉ።

ከወግዲ፦ ልጄን ስወልድ ደም በጣም ፈስሶኝ ራሴን ስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጡቴ ወተት አልሰጠም፣ የወር አበባም አላየሁም፤ ሦስት ዓመት ሆነ። ይበርደኛል፣ ይደክመኛል። «ደም አልቆብሽ ነው» ይላሉ።

መልስ፦ ሁሉንም ጥያቄ ትቼ አንቺን ላስቀድም ነበር። በወሊድ ጊዜ ደም በብዛት ሲፈስ በአንጎል ሥር ያለች ትንሽ እጢ ደም ሊያጥራትና ልትጎዳ ትችላለች። ለጡት ወተት፣ ለእንቁላል፣ ለታይሮይድና ለሌሎች ሆርሞኖች ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። ወተቱ አለመምጣቱ፣ የወር አበባው መቅረቱ፣ ብርዱና ድካሙ ሁሉም ወደ እሷ ያመለክታሉ። ጉዳዩ ከልጅም በላይ ነው፤ ሳይታከም ከቆየ ሌላ ሕመም ሲይዝሽ ሕይወትሽን ሊያሰጋ ይችላል። ሪፈራል ጽፈውልሽ ደሴ ድረስ ነይ፤ ታሪክሽን ለሐኪሙ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ከደም መፍሰሱ ጀምረሽ ንገሪ። «የወር አበባ ቀረብኝ» ብለሽ ብቻ ከጀመርሽ በእንክብል ሊመልሱሽ ይችላሉ። የጎደለው ሆርሞን በመድኃኒት ይተካል፤ ለመፀነስም ከዚያ በኋላ ሕክምና አለው።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የመጀመሪያውን በሰላም ወለድኩ። ከዚያ አንዱ ስምንት ወር ላይ ሆዴ ውስጥ ሞተ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ ተወልዶ በማግስቱ አረፈ። ሾተላይ ነው አሉኝ። ቤተ ዘመዱ መንፈስ ነው ብሎ ያምናል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያንቺ ችግር ያለመፀነስ አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። ሾተላይ ስንል የእናቲቱ ደም ነጌቲቭ ሆኖ ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያው ወሊድ የልጁ ደም ወደ እናት ሲገባ ሰውነቷ እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፤ የመጀመሪያው ልጅ በአብዛኛው የሚተርፈውም ለዚህ ነው። ቀጣዩን ግን ያጠቃል። ነጌቲቭ የሆነች እናት ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መከላከያ መርፌ አለ፤ ካስወረዳትም ያስፈልጋታል። ሰውነትሽ አንዴ ከተቆጣ ግን መርፌው አይመልሰውም። ቢሆንም ያንቺን ደምና የባለቤትሽን ደም አሠሪ፤ ቂጥኝ፣ ስኳርና የደም ግፊትም ልጅ ስለሚያሳጡ አብረው ይታዩ። ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ይይሽ።

ከውጫሌ፦ ዓይነ ጥላ ነው ብለውኝ ጠበል ጀምሬያለሁ። ሐኪም ቤት መሄድ ጠበሉን ያበላሸዋል?

መልስ፦ አያበላሸውም። ግሸን ውጪ፣ ወዳጃም (የዱዓ ስብስብ) አስደርጊ፤ በእኛ አገር አንዲት ሴት ሁለቱንም ብታደርግ ማን ይገረማል? የምከለክልሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ማኅፀንሽ ዞሯል» ብላ ሆድሽን የምታሽ ሴት ጋ አትሂጂ፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ማኅፀን በብዙ ጤነኛ ሴቶች ላይ ያለና መፀነስ የማይከለክል ነው። ወደ ውስጥ የሚከተት ቅጠልም አታስገቢ፤ ቁስልና ኢንፌክሽን ያመጣል።

ከወልድያ፦ ከወለድኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ ነበረኝ፤ ቤቴ ተኝቼ ተሻለኝ። አሁን አምስት ዓመት ሆነ። ቱቦ ተዘግቶ ይሆናል ብለው ራጅ አዘዙልኝ። በጣም ያማል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ትክክለኛ ምርመራ ነው የታዘዘልሽ። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን እንቁላል ወደ ማኅፀን የሚያልፍበትን ቱቦ አጣብቆ ሊተወው ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ማኅፀን ደርሶም ይህንኑ ሊያደርግ ስለሚችል በቤታችሁ ለረጅም ጊዜ ያሳለ ሰው ካለ ንገሪያቸው። ሁለቱም ቱቦ ተዘግቶ ከተገኘ እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማኅፀን የሚገባበት ሕክምና አለ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሠራል።

ራጁ ከማኅፀን በር በቀጭን ቱቦ ቀለም እየተለቀቀ የሚነሣ ነው። የወር አበባሽ ደርቆ እንቁላል ሳይወጣ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ውስጥ። ደቂቃዎች ናቸው። ቀለሙ ሲገባ እንደ ከባድ የወር አበባ ቁርጠት ይሰማሻል፤ ቱቦው ከተዘጋ ይብሳል። ሐኪምሽ ከፈቀደ ከአንድ ሰዓት በፊት ማስታገሻ ዋጪ። በቀለም ወይም በአዮዲን ተቆጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ሞዴስ ያዢ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ጥቂት ደም ጠብ ቢል አትደንግጪ። ትኩሳት ወይም ሽታ ከመጣ ግን እንደ ድሮው ቤት አትተኚ። ፊልሙን ደግሞ አጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው፤ ሲሰነጠቅ «እንደገና ተነሺ» ይሉሻል።