ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ለምትመርጡ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የኮሌጅ ምርጫ ሲደርስ አሜሪካ ካሉ አንባብያን ተመሳሳይ ጥያቄ ይበዛል። አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ልጄን ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ቅዳሴ ግዴታ ይሆንባታል? (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናቴ፣ አይጨነቁ። ቅዳሴው በፈቃድ ነው፤ የሥነ መለኮትና የፍልስፍና ኮርስ ግን አይቀርላትም። ዩኒቨርሲቲውን እ.ኤ.አ. በ1887 የመሠረቱት የአሜሪካ ጳጳሳት ናቸው፤ ካቶሊክነቱን አይደብቅም። ትልቁ የማርያም ባሲሊካ አጠገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወንድና የሴት ማደሪያ ለየብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ይህን ብዙ የእኛ ወላጆች ይወዱታል። ሥጋ ወደሙ የምትቀበለው ከራሷ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነች እሑድ መሄድ አይከብዳትም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጾሙ ነው። ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም ዓርብ ሥጋ ይተዋሉ፤ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ ግን ይበላሉ። ካፍቴሪያው "ሥጋ የለውም" ያለው ፓስታ ላይ አይብ ተነስንሶበት ልታገኘው ትችላለች። 55 ቀን ደግሞ በሰላጣ ብቻ አይገፋም! ለጉብኝት ስትሄዱ ምሳ እዚያው ብሉ። ቪጋን ትኩስ ምግብ በየቀኑ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብሮሹሩ ሁሉ ሻማና ፈገግታ ነው። እውነቱን በምን ልለይ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከቻልሽ እሑድ ማታ ግቢው ውስጥ ሁኚ። ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ማደሪያ የራሱ ጸሎት ቤት አለው፤ ልጆቹ ከክፍላቸው ወርደው እዚያው ያስቀድሳሉ። ኦሃዮ ያለው የስቱበንቪል ፍራንሲስካን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪዎች "ሃውስሆልድ" በሚሉት ቡድን አብረው ይጸልያሉ። ይህ የሚያጽናናው ሰው አለ፤ የሚያፍነውም አለ፤ አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ራስሽን ጠይቂ። እንደ ቦስተን ኮሌጅ ያሉት የኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር) ትምህርት ቤቶች ሰፋ ያሉ ናቸው፤ እምነቱ አለ፣ ግን ፈልገሽ ነው የምታገኚው። አስጎብኚዋን ተዪና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያዢ፦ ንስሐ መቼ መቼ አለ? በሥራ ቀን ቅዳሴ ማን ይመጣል? ማደሪያው ውስጥ የሚኖር ካህን አለ? መልሱ ቶሎ ካልመጣ ገብቶሻል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ይሆነኛል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ይሆንሃል። ጆርጅታውንን እይ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሙሉ ጊዜ የሚያገለግል ኢማም አለው፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ነበር። ግቢው ውስጥ መስጂድም አለ። ሌላ ቦታ ካመለከትክ የጁምዓ ሶላት የት እንደሚሰገድ ቀድመህ አጣራ።

ጥያቄ፦ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ነን። ልጄ አራት ዓመት በላቲን ሥርዓት ካስቀደሰ ሥርዓቱን አጣ ማለት ነው? (አባት፣ ዳላስ)

መልስ፦ አያጣም፣ አባቴ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ይቆርባል፣ ንስሐም ይገባል። በላቲን ሥርዓት የቱንም ያህል ቢያስቀድስ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሥርዓቱ አይለወጥም። የሚናፍቀው ዜማውና ከበሮው ነው፤ ለእሱ በበዓል ቤት ይምጣ።