ሚቲዎሮሎጂ ልማር ወይስ ጤና ልግባ? ለደሴዋ ተማሪ

ጥያቄውን የላከችልኝ ደሴ የምትማር የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ሚቲዎሮሎጂ፣ ማለትም የአየር ጠባይ ሳይንስ መማር ትፈልጋለች። እናቷ «ጤና ግቢ፣ ሥራ አታጪም» ይሏታል። ኩታበር ያሉት አያቷ ደግሞ «የዝናብን ነገር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ አንቺ ምኑን ልትማሪ ነው?» ብለው ስቀውባታል። ፊዚክስ ትወዳለች፣ ሒሳብ ግን «አንዳንዴ ይከብደኛል» ትላለች። ሥራውስ ምን ይመስላል፣ የትስ ይገኛል ነው ጥያቄዋ።

አብሽሪ የኔ እህት። ከሒሳቡ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው ይህ ሙያ ቴሌቪዥን ላይ ካርታ ፊት ቆሞ ማውራት ይመስለዋል። እሷ የመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ናት። ከጀርባ ያለው ሥራ አየር ለምን እንደሚነሳ፣ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ የያዘው እርጥበት መቼ ደመና እንደሚሆን ማስላት ነው። ይህ ፊዚክስ ነው፣ የሚሠራው ደግሞ በካልኩለስ ነው። ዳይናሚክ ሚቲዎሮሎጂ የሚባለውን፣ የአየርን እንቅስቃሴ በሒሳብ የሚያጠናውን ኮርስ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሳይገባሽ በሽምደዳ አታልፊውም። እንግዲህ «ይከብደኛል» ያልሽው ቁጭ ብለሽ ስትታገይው የሚለቅሽ ዓይነት ከሆነ ችግር የለም፣ ግቢበት። ሒሳብ ስታዪ ደብተር የምትዘጊ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ደመና መውደድ ብቻውን ዲግሪ አያስይዝም።

የት ልማር ላልሽው መጀመሪያ የሚጠራው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሚቲዎሮሎጂንና ሃይድሮሎጂን (የውሃ ሳይንስን) በዲግሪ ያስተምራል። እዚያ ብትመደቢም ፍሬሽማን ጨርሰሽ ነው ዲፓርትመንት የምትመርጪው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ውጤትሽ ወሳኝ ነው። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። እናትሽ «አርባ ምንጭ» ሲባሉ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ከደሴ አልወጣም ካልሽ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረሽ ማስተርስ ላይ ወደ አየር ጠባይ መዞር ትችያለሽ። መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። ኮምፒውተር ላይ ግን ከአሁኑ እጅሽን አፍቺ። ዛሬ ትንበያ የሚሠራው በኮምፒውተር ሞዴል ስለሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚችል ምሩቅ ከማይችለው ብዙ ይርቃል።

ሥራውን በተመለከተ አላባብልሽም። ዋናው ቀጣሪ አንድ ነው፣ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት። ሥራው ድሮ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፣ አውሮፕላን ያለ አየር መረጃ አይነሳማ። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ቢሆንም በየክልሉ ማዕከላት አሉት፣ አንዱ እዚሁ አፍንጫሽ ሥር ኮምቦልቻ ነው። ደመወዙ የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ በሱ ቪላ አይሠራም። ከዚያ ውጭ ግብርና፣ ውሃ፣ አደጋ ሥጋት፣ ምርምር፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የሰብል ኢንሹራንስ አሉ፣ ሁሉም የአየር ጠባይ መረጃ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ግን እዚያ የሚወስዱሽ ሚቲዎሮሎጂ ላይ ሌላ ነገር ስትጨምሪበት ነው።

አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። የሚመዘግብ ሌላ ነው፣ የሚተነብይ ሌላ። መዝጋቢው ጣቢያ ላይ ነው የሚውለው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቶ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያ ብልቃጥ ይለካል፣ ነጩን የእንጨት ሳጥን ከፍቶ ቴርሞሜትር ያነባል። አንድ መስተዋት ኳስ አለች፣ ፀሐይዋን ሰብስባ ከኋላዋ ያለውን ካርድ ታቃጥላለች፤ ማታ የተቃጠለውን መስመር ርዝመት አይተሽ ዛሬ ፀሐይ ለስንት ሰዓት ያህል እንደበራች ትጽፊያለሽ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚደናበርባት ነገር አለች። ያቺ ጠዋት 3 ሰዓት በኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ናት፣ ለዓለም በሚላከው ሪፖርት ላይ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) 06 ተብላ ትጻፋለች። አንዷን ከአንዷ ካምታታሽ መረጃው ተበላሸ ማለት ነው። ሰዓቷ ዒድ አትል ገና አትል፣ በዓል ቀንም ሰው ይጠብቃታል። ትንበያ ባለሙያው ደግሞ ከነዚህ ሁሉ ጣቢያዎች የመጣውን፣ የሳተላይት ምስሉንና የሞዴል ውጤቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው። አየር መንገዱ ሌት ተቀን ስለሚበር የኤርፖርቱ ሥራ የሌሊት ተረኛ አለው። እንቅልፍ ለምትወድ አይሆንም።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ትምህርት ካንቺ የተሻለ ቦታ የተወለደ ጥቂት ነው። ደሴ በጉም ተሸፍና ጃኬት ለብሰሽ ታክሲ ትሳፈሪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ጃኬቱ ይከብድሻል። በመሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ስለሚለያይ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ነው። ይህን በታክሲ ሒሳብ እያየሽው ነው ያደግሽው። ሌላው በልጉ ነው። ብዙው የአገራችን ገበሬ ክረምትን ሲጠብቅ የኛ ደገኛ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውንም ይጠብቃል፣ ገብሱን የሚዘራው በሱ ነው። በልግ ደግሞ አመለኛ ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ባለሙያውን ሳይቀር ያስቸግራል። ክረምቱም ቢሆን በኤልኒኖ ዓመት፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ብዙ ጊዜ ይዳከማል። የ2007ቱን ክረምት አያትሽን ጠይቂያቸው፣ ያስታውሱታል።

ወደ አያትሽ ልምጣ። አያትሽ የተናገሩት ነገር ከሙያው ጋር አይጣላም። የትኛውም ጤነኛ ባለሙያ «ነገ በርግጥ ይዘንባል» ብሎ አይምልም። የወቅት ትንበያ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚባለው፦ እንበልና ለዚህ አካባቢ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 20 ቢሆንም ዜሮ አይደለም፣ ሊሆን ይችላል። አያትሽ ይህን ቢሰሙ «እና ልዝራ ወይስ አልዝራ?» ነው የሚሉሽ፣ ልክም ናቸው። ቁጥሩን ይዘሽ «ግማሹን ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ያድርጉት፣ ማሳው ውሃ እንዲይዝ እርከኑን ያጠናክሩ» ማለት ስትችዪ ነው ትምህርቱ ሥራ የሚሆነው። ብዙ ምሩቅ ቁጥሩን ያወጣል፣ ለገበሬ ማስረዳት ላይ ነው የሚንተባተበው። አንቺ ኩታበር ቤተሰብ አለሽ፣ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ፣ ይህን ቀላል ነገር አታድርጊው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጤና ተምሮም ቅጥር የሚጠብቅ ልጅ ሰፈራችሁ ውስጥ አይጠፋም፣ እሳቸውም ያውቁታል። «ሥራ ያለው የትኛው ነው» ብላችሁ ከመከራከር ትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ ይጻፍልሽና ኮምቦልቻ ማዕከሉን ሄደሽ ጎብኚ፣ ከቻልሽ እሳቸውንም ይዘሽ። ሠራተኞቹን ስለ ደመወዙም ስለ ዝውውሩም ጠይቂ፣ አትፈሪ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ፈልጊ። ከጣራና ከዛፍ ራቅ አድርገሽ ግቢ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሲዘንብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለኪ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። አንድም ቀን ሳትዘይ በልጉን ሙሉ ከመዘገብሽ ሥራው ይመችሽ አይመችሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። በሳምንቱ ከሰለቸሽም ምንም አይደል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ከምታውቂው አሁን ማወቁ ይሻላል።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የሒሳብና የፊዚክስ ውጤትሽን ላኪልኝ፣ እሱን ይዘን እንነጋገራለን።