የሚያፈስ ጀሪካን ያለው አለ? ስለ አትክልት መትከያ ዕቃ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ግቢዬ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ የተለሰነ ስለሆነ ዶማ የሚያሳርፉበት መሬት የለውም። ቆስጣውም፣ ቃሪያውም፣ ቲማቲሙም የበቀለው ሰው በጣለው ዕቃ ውስጥ ነው። «ዕቃውን ከየት አመጣኸው?» የሚለኝ ስለበዛ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ አልኩ፤ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀሪካን በነፃ ይገኛል ስትል ሰማሁ። ቀፊራ ገበያ ብዞር ብዞር የሚሸጥ እንጂ የሚሰጥ አጣሁ።

መልስ፦ ደህናውን ጀሪካን ፈልገህ ነዋ! ድሬ ላይ ደህና ጀሪካን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ማን ይሰጥሃል? አንተ የምትፈልገው የሚያፈሰውን ነው። ታችኛው ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ጀሪካን ለውሃ ቀጂ ሞቷል፤ ለአትክልት ግን ቀዳዳው ተበስቶ የመጣ ዕቃ ነው። ምግብ ቤቶች፣ ሳምቡሳ ጠባሾችና ውሃ በጋሪ የሚያመላልሱ ልጆች ጋ «የሚያፈስ አለ?» ብለህ ጠይቅ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከቆራሌ ከገዛህም ሳይፈጭ የቀረውን የተሰነጠቀ ምረጥ፤ የሚሸጥልህ በፕላስቲክነቱ እንጂ በጀሪካንነቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምትቆርጠው? የኔ ተሰባበረ።

መልስ፦ ፀሐይ ላይ ዓመት የከረመ ፕላስቲክ ይሰባበራል፤ በጣትሽ ስትጫኚው ካልተለመጠ ተዪው። ደህናውን በሁለት መንገድ እቆርጣለሁ። ለቲማቲም ባለ 20 ሊትሩን አቁሜ አናቱን ብቻ አነሳለሁ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ይቀርልኛል። ለቆስጣና ለሰላጣ ደግሞ አጋድሜ ሰፊውን ጎኑን እከፍታለሁ፤ እነሱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፣ የሚፈልጉት ስፋት ነው። የዘይት ከሆነ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በአመድ ፈትጊው፣ ከዚያ በሳሙና እጠቢው።

ቀዳዳውን ከሰል ላይ በጋለ ሚስማር እበሳለሁ፤ ውጭ ሆኜ፣ ጭሱን በማይመልስብኝ ነፋስ በኩል ቆሜ። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ወለሉን አልበሳም። ጎኑ ላይ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ አራት አምስት ቀዳዳ አወጣለሁ። ቀዳዳው ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቆ አይደፈንም፤ ከታች የምትቀረዋ ውሃ ደግሞ የግንቦትን ቀን ታሳልፋለች።

ጥያቄ፦ ከስሩ ጠጠር ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ከላዩ ባለው አፈር ውስጥ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይወርድም፤ የሥሩንም ቦታ ትሻማለህ። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይወጣ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የኬሚካል ጀሪካን በደንብ ታጥቦስ?

መልስ፦ በፍጹም። የፀረ ተባይ፣ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የነዳጅ ዕቃ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። እኔ ነጭ ጋዝ የነበረበትን ሦስት ጊዜ በኦሞ አጥቤ ጎመን ተከልኩበት። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ ወዲያው ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ሄዶ አለቀ። አፈሩን ስዘረግፈው ሽታው እንዳለ ነበር። ያንን ጎመን ሳልበላው መድረቁ ነው የጠቀመኝ። ከዕቃው ስር በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 2፣ 4 እና 5 ለምግብ ተክል ይሻላሉ፣ 3 እና 6 ይቅሩ። ግን ከቁጥሩ በፊት ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ተዉት።

ጥያቄ፦ የማዳበሪያ ከረጢትስ?

መልስ፦ ከዱቄት ወይም ከስኳር የተረፈ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ዳቦ ቤት ጠይቁ። አፉን ወደ ውጭ እጠፉና ግማሹን ሙሉ፤ ድንች ከሆነ እያደገ ሲሄድ እጥፋቱን እየፈታችሁ አፈር ጨምሩ። (ድንች ግን ለሐረርና ለዓለማያ ይሻላል፤ ለድሬ ሙቀት ይሰንፋል።) ክፋቱ ፀሐያችን ክሩን ይበጣጥሰዋል፤ አንድ ምርት ካነሳችሁ በኋላ ብናኙ አፈር ውስጥ ሳይገባ ጣሉት። የሲሚንቶ ከረጢት አይሁን።

ጥያቄ፦ ጎማ ሞልቶናል፣ ጋራዥ አጠገብ ነኝ።

መልስ፦ ጎማ ለአበባ እንጂ ለሚበላ ነገር አልጠቀምም። ጥቁር ስለሆነ ከሰዓት ላይ ሥሩን ይቀቅለዋል። ከሁሉ በላይ ግን የጎማ ጉድጓድ ውሃ ይይዛል። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው ደጃችን ላይ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ ከጀሪካኑ ስር ሳህን አታስቀምጡ፤ ባዶውን ዕቃ ደፍታችሁ አኑሩ፤ የምታጠጡበትን በርሜል ክደኑ።

ጥያቄ፦ እኔ ሁሉን አደረግኩ፣ ቲማቲሜ አበባውን ያራግፋል። ዕቃው ይሆን?

መልስ፦ ሙቀቱ ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቲማቲም አበባውን ይጥላል፣ የብር ጋን ውስጥ ብትተክለውም። ለቲማቲም የኛ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ለሥሩ ግን ማገዝ ትችላለህ፦ ጀሪካኑን ከውጭ ኖራ ቀባው፣ ምዕራብ ከሚያየው ግድግዳ አርቀው፣ ዕቃዎቹን አጠጋግተህ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሁን። እኔ ዳር ያሉትን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ጆንያውን አረጥበዋለሁ።

ጥያቄ፦ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፤ ሻጋታ ነው ልጄ?

መልስ፦ እማማ፣ ማንቆርቆሪያዎን ከፍተው ይዩት፤ ከውስጡ የተለጠፈው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። ውሃችን ጠንካራ ስለሆነ ሲተን ጨዉ ይቀራል። በወር አንዴ በቀዳዳው እስኪንዠቀዠቅ ያጠጡት፤ ዝናብ ሲመጣም ውጭ ይተዉት። አመድ ግን አይጨምሩበት፤ የሐበሻ ጎመን አመድ ይወዳል የሚባለው ለደጋ ኮምጣጣ አፈር ነው፣ የኛን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ነኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ፀሐይ የሚገባው ረፋድ ላይ ብቻ ነው።

መልስ፦ ሐረር ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል የኖራውንና የጆንያውን ነገር እርሺው፤ ያንቺ ጉዳይ ብርሃን ነው። አራት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘሽ ሰላጣ፣ ቆስጣና ድንብላል ይሆኑልሻል፤ ቃሪያና ቲማቲም ስድስት ይፈልጋሉ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ እኛ ጋ ምጣድ ይሆናል፣ እናንተ ጋ ግን ይሠራል። ትንሽ ስለሆነ ፀሐዩን ተከትለሽ ታዞሪዋለሽ።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ ሳፋ?

መልስ፦ ለሰላጣ ከእሱ የሚሻል የለም።

ጥያቄ፦ የሃይላንድ ጠርሙስ?

መልስ፦ ችግኝ ለማፍላት። ብርሃን ስለሚያሳልፍ በጨርቅ ሸፍነው። ባለ 2 ሊትሩን ደግሞ ክዳኑን በመርፌ በስተህ ቂጡን ቆርጠህ ቲማቲሙ አጠገብ ገልብጠህ ትከለው፤ ለሁለት ቀን መንገድ ስትሄድ እሱ ያጠጣልሃል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፣ ሰገነት ላይ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ ውሃ የጠጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ገደማ ነው። አሥሩን አንድ ጥግ ላይ አትደርድሪ፤ ግድግዳውን ተከትለሽ በትኚው። አከራይሽንም ቀድመሽ አማክሪ።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ የጎረቤት ፍየል ጨረሰችብኝ!

መልስ፦ የኔንም ሁለቴ በልታዋለች። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን እጀታ አለው፣ አንጠልጥለው፤ ግን ፍየል በኋላ እግሯ እንደምትቆም አስብና ከራስህ ቁመት በላይ ይሁን። የተበላው ቆስጣ ከሆነ አትንቀለው። ልቡ ካልተነካ ውሃ አጠጥተህ ተወው፣ ያቆጠቁጣል።