የወገብ ኤምአርአይ «ምንም የለውም» ለተባለው ወንድምሽ

ሰላም እህቴ። «የ26 ዓመት ወንድሜ ወገቡን ካመመው ቆየ፣ ጠዋት ጠዋት ይደርቅበታል፣ የወገብ ኤምአርአይ ተነስቶ ምንም የለም ተባለ፣ አሁን ደግሞ በኮንትራስት ድገሙ አሉን፣ ብሩን እናውጣ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ከላይ የተጻፉትን አየኋቸው፤ ግማሹ ወጌሻ ጋ ውሰጂው ይላል፣ ግማሹ ፍራሹን ቀይሪለት ይላል። የወንድምሽ ነገር ቁርጥ የኔው ስለሆነ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቢ።

1. መጀመሪያ የመጠየቂያ ወረቀቱን እዪው። አሁንም «ላምባር ስፓይን» (የወገብ አከርካሪ ማለት ነው) የሚል ከሆነ ያንኑ ቦታ በኮንትራስት፣ በደም ሥር በሚሰጠው ማቅለሚያ፣ መድገም ለዚህ ሕመም አይረባም። አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ የሚሉት የአከርካሪ ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዲስክ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ፣ የአከርካሪው መጨረሻ ከዳሌ አጥንት ጋር ከሚገጥምበት ቦታ ነው። ሳክሮኢሊያክ ይሉታል። የወገብ ኤምአርአይ መሐል መሐሉን ነው የሚያሳየው። መገጣጠሚያዎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ወይ ጭራሽ አይገቡም፣ ወይ ጠርዛቸው ብቻ ይታያል። «ምንም የለም» ያላችሁ ሰው አልዋሸም፤ ቦታው አልተነሳም።

2. ወረቀቱ ላይ «ሳክሮኢሊያክ ጆይንት» እና «ስቲር» የሚሉት ይጻፉ። የአጥንት መቅኔ ስብ ይበዛዋል። ቲ2 በሚሉት ተራ አነሳስ ስብም ፈሳሽም ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ብግነቱ ያመጣው እርጥበት ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ወተት ነው፤ አይለይም። ስቲር የሚሉት አነሳስ ግን የስቡን ምልክት ያጠፋዋል። ስቡ ሲጠቁር የተቆጣው ቦታ ብቻውን ያበራል። ከጎኑ ቲ1 የሚሉት አነሳስም የግድ ነው፤ የአጥንቱን መሸርሸርና ብግነቱ አልፎ በቦታው የተተካውን ስብ የሚያሳየው እሱ ነው። የምስሉ አቆራረጥም የሳክረምን፣ ማለትም ከዳሌ ጋር የሚገጥመውን የአከርካሪ አጥንት፣ ዝንባሌ ተከትሎ ሰያፍ መሆን አለበት። ኮንትራስቱን በተመለከተ፣ ለዚህ ጥያቄ ስቲር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ከተጠረጠረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ሐኪሙ ለምን እንዳዘዘው ጠይቂው፣ የኩላሊት ምርመራም ይቅደም።

3. የእንግዳ መቀበያዋን አትመኑ። እኔ የኤፍኤስአር ሹፌር ነኝ። ሥራዬን ስናገር መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ሳልጨርስለት «ዲስክ» ብሎ ጻፈ። ሹፌር ወገቡን ካመመው ዲስክ ነው፣ አለቀ! የኔ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ ተነስቼ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ይለቀኛል፣ ተመልሼ ስተኛ ይመለሳል። ዲስክ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዕረፍት ያስታግሰው ነበር። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ላምባር ተነሳሁ፣ «ኖርማል»። ራጅ፣ «ኖርማል»። ሲአርፒ የሚሉት ብግነትን የሚለካ የደም ምርመራም «ኖርማል»። ራጅ ላይ ለውጡ እስኪታይ ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ሲአርፒም ብዙ ሕመምተኞች ላይ እንደማይጨምር የሰማሁት ኋላ ነው። ድሮ በሽታው የሚረጋገጠው በራጅ ነበር፣ በፈረንጆቹ የ1984ቱ የኒው ዮርክ መስፈርት በሚባለው፤ ኤምአርአይ መስፈርቱ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 2009 ነው።

በመጨረሻ አንዲት የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ዶክተር ወረቀቱን እንደሚገባው ጻፉልኝ። ማንሻው ቦታ ስደርስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ወረቀቱን ገረፍ አድርጋ አየችና አስከፈለችኝ። ደረሰኙን ሳነብ «ላምባር» ይላል። ይሄ አይደለም ስላት፣ ቀና እንኳን ሳትል «ወገብህን አይደል የሚያምህ? ወገብህ ነው የሚነሳው» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። የዋጋ ዝርዝሯ ላይ ሌላ ስም የለም መሰለኝ። ብሬን መልሺ ስል «የተከፈለ አይመለስም»። ከመስኮቱ ንቅንቅ አልል አልኩ። ከኋላ የተሰለፈው አጉረመረመ፣ ዘበኛውም መጣ። ቴክኒሻኑ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣና ወረቀቱን አንብቦ «ይሄማ ሌላ ነው» ብሎ አስተካከለው። ዝም ብዬ ብገባ ኖሮ ያንኑ «ኖርማል» ደግሜ ይዤ እወጣ ነበር። ዛሬ ጓደኞቼ ወረቀታቸውን መጀመሪያ ለኔ ነው የሚያሳዩት።

4 ልበለው 5፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ከማንበባቸው በፊት አስጠርተውኝ «የግመል ወተት ትጠጣለህ?» አሉኝ። የጅጅጋ መንገድ ሹፌር ሆኖ የማይጠጣ ማን አለ! ያልተፈላ ወተት ብሩሴላ የሚሉትን ከእንስሳት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ብሩሴላም ቲቢም ይህንኑ መገጣጠሚያ ሊያስቆጡ ይችላሉ። እነሱ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ነው። የኔ በሁለቱም በኩል፣ ከመገጣጠሚያው ሥር ያለው አጥንት አብርቶ ነበር፤ ያም ሆኖ የብሩሴላና የቲቢ ምርመራ አሠርተው ነው የወሰኑት። ወንድምሽ ከብት ጋ የሚውል ከሆነ ወይም ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ሳይጠየቅ ይናገር።

ደግሞ ያበራ ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። ከባድ ስፖርት የሚሠራ፣ ወታደር፣ በቅርብ የወለደች ሴት ላይም ነጭ ነጥብ ይታያል። ለዚህ ነው ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ ዕድሜዬን፣ የሌሊቱን ሕመም፣ የምወስደውን ማስታገሻ ሳይቀር የጻፉት። «የወገብ ሕመም» ብቻ ተብሎ የተላከ ወረቀት የሚያመጣው መልስ ያው ነው። ኤችኤልኤ-ቢ27 የሚሉትን፣ ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዝ የዘር ምልክት የሚፈልግ የደም ምርመራ አሠርታችሁ ኔጋቲቭ ቢወጣም ተስፋ አትቁረጡ፤ በእኛ አካባቢ ምልክቱ ሳይኖርባቸው የሚታመሙ ብዙ ናቸው።

ማሽኑ 1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ ነው) ቢሆን ይሻላል። ፊልሙን ብቻ ተቀብሎ እንዳይወጣ፣ ሲዲውንም ይጠይቅ፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ማየት ሲፈልግ ፊልም ላይ ያለችው ትንሽ ምስል አትበቃም። ዓይኑ ከቀላና ብርሃን ካስጠላው ግን ኤምአርአይ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ከዚሁ በሽታ ጋር የሚመጣ ነው። እግሩ ከደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አዲሱን ወረቀት ሲያጽፍ ስሙን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ከመክፈላችሁ በፊት አየዋለሁ።